አየለች ያልጠራችው ስም

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከአንጋጫ መጥቶ የወይዘሮ አየለችን ሞት አረዳኝ። ከተቀበረች ወር አልፏት ነበር። ቀብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ አጥፎ በኪሱ ይዞልኝ ስለመጣ መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። የት እንደተወለደች፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረች፣ ስንት ልጆች እንዳፈራች ይላል። እስከዚህ ድረስ ጸብ የለኝም። መጨረሻው ላይ ግን «ዝምተኛ፣ ታዛዥና ለአለቆቿ ታማኝ ነበረች» ተብሎ ተጽፏል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩትና «ይህን ማን ጻፈው?» አልኩ። ልጁ ደንግጦ «ኮሚቴው ነው ጋሼ» አለኝ።

ሰው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል። እኔም ሙቷን አልወቅስም፤ የምወቅሰው ኮሚቴውን ነው። ዝምተኛ ነበረች፣ ይሁን። ታዛዥ ግን አልነበረችም። አንድ ዴስክ ላይ ሁለት ክረምት አብሬያት ስለተቀመጥኩ አውቃለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ያኔ ሆሳዕና ላይ ለአንደኛ ደረጃ መምህራን በክረምት የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ትምህርት ይሰጥ ጀመር። አስተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ይመጣሉ። እኛ ደግሞ ከሆመቾ፣ ከሾኔ፣ ከአንጋጫ፣ ከየገጠሩ ሱሪያችንን እስከ ጉልበታችን ጠቅልለን በጭቃ እንመጣለን። አርባ ያህል ነበርን። ሴቶቹ ሁለት ሲሆኑ አንደኛዋ በሁለተኛው ሳምንት ጭቃው አማርሯት ቀረች። አየለች ብቻዋን ከወንዶቹ ጋር ቀረች።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የሚፈራው ኮምፖዚሽን ነበር። እሱን ያላለፈ ወደ ሁለተኛ ዓመት አይሻገርም። ለእኔ ቢጤው መውደቅ ማለት መሳቂያ መሆን ብቻ ነበር፤ አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሆሳዕና የቀረ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ስለነበር ደመወዜም ወንበሬም አይነቃነቅም። አየለች ግን ጊዜያዊ መምህርት ነበረች። ካለፈች ትቀጠራለች፣ ከወደቀች ከአንጋጫ ወጣ ብላ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትወጣለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አስተማሪያችን መምህር ሰሎሞን ይባላል። ከብዙዎቻችን በዕድሜ ያንሳል። የጥቁር ኮቱ እጅጌ ሁልጊዜ ጠመኔ እንደነካው ነው። በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፍ ዞር ብሎ አየንና «ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አልቀበልም» አለ። «ማን አለ? የት አለ? መቼ አለ? ከገጹ ግርጌ ይጻፍልኝ።»

እርስ በርስ ተያየን። እኛ እኮ ስለ ላም ጻፉ ብንባል ከአዳምና ከሔዋን የምንጀምር ሰዎች ነበርን። ጥሩ ድርሰት ማለት ለእኛ መግቢያው የረዘመ፣ ቃላቱ የከበዱ፣ የእጅ ጽሑፉ ያማረ ነው። የትልቅ ሰው ቃል እንዳለ መገልበጥ ደግሞ አክብሮት እንጂ ነውር አልነበረም። መምህር ሰሎሞን ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አፈረሰብን። ወረቀታችን በቀይ እስክሪብቶ «ማን አለ?» «ማን አለ?» ተብሎ ተሞልቶ ሲመለስ ከሾኔ የመጣ አንድ ጎልማሳ መምህር «ይሄ ልጅ መምህር ነው ወይስ መርማሪ?» ብሎ አጉረመረመ።

ነገሩ በቶሎ የገባት አየለች ነበረች። ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ስለሚወስደው መንገድ አንድ ገጽ ጽፋ አነበበች። ክረምት ሲገባ የትኛው ጅረት እንደሚሞላ፣ የትኛው ድልድይ አንድ ግንዱ እንደበሰበሰ ይናገራል። የሾኔው ሰውዬ እጁን አውጥቶ «ግንዱ መበስበሱን በምን አወቀች?» አለ።

አየለች የነጠላዋን ጫፍ አጠፈችና መልሳ ዘረጋችው። መልስ ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ እንዲያ ታደርግ ነበር።

«እግሬ አይቶታል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። መምህር ሰሎሞን ግን አልሳቀም። «መቼ?» አላት። «ትናንት ጠዋት።» «እንግዲያው ግርጌው ላይ 'የራስ ምልከታ' ብለው ቀኑን ይጻፉ። ይህ ምንጭ ነው።» እዚያው ቁጭ ብላ ስትጽፈው አየኋት። ሥራዋን የጨረሰች ሰው ፊት ነበራት። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አውቃ «እንዴት አወቅሽ?» ሲሏት «እግሬ አይቶታል» ማለት ልማዷ ሆነ።

ሌላም ልማድ ነበራት። ሱቅ ማለት አትወድም፤ «ንግድ ቤት ደርሼ ልምጣ» ነው የምትለው። ሱሪን ደግሞ «የእግር ልብስ» ትለዋለች። በዚህ ስንቀልድባት ፈገግ ብላ ታልፈናለች። አማርኛው ስላልሞላላት ይመስለን ነበር። ምን ያህል ሞኞች እንደነበርን ቆይቶ ነው የገባን።

የኮርሱ ማጠቃለያ አሥር ገጽ የጥናት ጽሑፍ ነበር። ርዕሱ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። እኔ ወዲያው አባቴ ቢሮ ሄጄ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሲመረቁ የታተመ አንድ መጽሔት አመጣሁ። ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ሁለት ገጽ ከነፎቶግራፉ አለው። ለእኔ የሚሆነውን መርጬ በጥሩ ቀለም፣ በሚያምር ፊደል ገለበጥኩትና ለአየለች አሳየኋት። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበች።

«ግርማ፣ ከዚህ ውስጥ የአንተ የቱ ነው?» አለችኝ።

«የእኔማ የእጅ ጽሑፉ ነው» አልኳት። ለራሴም አሳቀኝ። እሷ እስክታለቅስ ሳቀች፣ ከዚያ መጽሔቱን አንድ ቀን እንዳውሳት ጠየቀችኝ። በማግስቱ ስትመልስልኝ ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። የእሷን ትምህርት ቤት የሚመለከተውን ገጽ ከፍታ በጣቷ አሳየችኝ። «በአካባቢው ባለመሬት በክቡር ፊታውራሪ ቸርነትና ድካም ተሠራ» ይላል።

«ድካም!» አለች። ሌላ አልጨመረችም።

የእሷ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ትምህርት ቤቱን የሠራው ሕዝቡ መሆኑን ጻፈች። ወንዶቹ የጽድ ግንዱን ከጫካ ቆርጠው በትከሻ ተሸክመው ወንዝ አሻገሩ፣ ሴቶቹ የግድግዳውን ጭቃ ረገጡ፣ ሥራው ሁለት በጋ ፈጀ። ፊታውራሪው የመጡት በምረቃው ቀን ነው። ይህን ሁሉ በሰባት ቦታ የግርጌ ማስታወሻ አድርጋበታለች። ሰባቱም ግርጌ ላይ «የቤታችን አዛውንት፣ አንጋጫ» ይላል እንጂ ስም የለውም።

መምህር ሰሎሞን ወረቀቱን ይዞ ክፍል ገባ።

«ወይዘሮ አየለች፣ ሥራው ግሩም ነው። እኒህ አዛውንት ማን ናቸው?»

«የባለቤቴ አባት ናቸው።»

«ስማቸውስ?»

«አልጠራም።»

ከኋላ አንዱ «ፈርታ ነው» አለ። ፊታውራሪውን ማለቱ ነው፤ አማቷ የእሳቸው ጭሰኛ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። አየለች ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። በእነሱ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም እንደማትጠራ፣ በስሙ መጀመሪያ ፊደል የሚጀምር ቃል እንኳ ከአፏ እንደማታወጣ፣ ይህም ባሊሻ እንደሚባል ረጋ ብላ አስረዳች።

አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው የሆነ የሆመቾ መምህር «አየለች፣ አንቺ አማኝ አይደለሽም እንዴ? ይሄ የድሮ ልማድ ነው፤ ተዪው አልተባለም?» አላት።

«ጌታ የባልሽን አባት ናቂ ብሎ አላዘዘኝም» አለችው።

መምህር ሰሎሞን ግራ ገባው። «መጥራቱ ከከበደዎት ይጻፉት» አላት።

«እጄ ከአፌ አይለይም።»

«እንግዲያው መጽሔቱን ይጥቀሱና ይለፉ።»

«መጽሔቱ ይዋሻል።»

«መጽሔቱ አሳታሚ አለው፣ ገጽ አለው። የእርስዎ አዛውንት ስም የላቸውም።»

«ስም አላቸው። እኔ ነኝ የማልጠራው።»

«እስከ ዓርብ ካልመጣ ዜሮ ነው የምሰጥዎት። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው።»

አየለች እስክሪብቶዋን ከደነችና ዴስኩ ላይ አስቀመጠች። እስክሪብቶዋን ከከደነች ነገር አለቀ ማለት ነው። «ዜሮው የእኔ ነው» አለች። «ስሙ ግን የእሳቸው ነው።»

ስንወጣ ተከትያት «እኔ ልጻፍልሽ» አልኳት። «ለአንተ ለመንገር መጥራት አለብኝ» አለችኝ። «ሌላ ሰው ይነግረኛላ!» «ታዲያ ምስክሩ የአንተ ሊሆን ነው፤ የእኔ አይደለም።» «ባልሽስ?» «ባሌ መቼ ጽሑፍ ጻፈ?» መምህር ሰሎሞን ያስተማረንን ከእሱ በላይ እንደያዘችው ያን ቀን ገባኝ። ተናደድኩባትም። ሥራዋን በአንድ ስም ልታጣ ነው፤ ምን ዓይነት ግትር ሴት ናት እያልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድበው ድምፃችን አይሰማም ነበር። አየለች ዘግይታ ገባች። ከኋላዋ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጋቢያቸው ውኃ እየጠጣ፣ እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ ሆኖ ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ገና ሳይነጋ ነው ከቤታቸው የተነሡት። መምህር ሰሎሞን ወንበሩን ለቀቀላቸው። አልተቀመጡም።

«ምንጩን አምጪ ብለውኝ ነበር» አለች አየለች። «ይኸው።» ከዚያ በሩ አጠገብ ሄዳ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

ሽማግሌው ሁላችንንም በየተራ አዩን። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነበር፣ አጭርና ጠንካራ።

«እኔ ሱላሞ ነኝ» አሉ። «ሱላሞ ሎዴቦ። የጠፋው ሰው እኔ ነኝ አሉኝ።»

የሳቅነው ትንሽ ቆይተን ነው። እኔ ግን ሱቅና ሱሪ ትዝ ብለውኝ ፊቴ ጋለ። ያ ሁሉ ስንቀልድባት የነበረው ለዚህ ሰው ስትል የምትጠነቀቀው ነበር።

«ትምህርት ቤቱን ማን ሠራው?» አለ መምህር ሰሎሞን።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀኝ ትከሻቸውን አሳዩት። ቆዳው እንደ ተረከዝ ደርቆ ጠቁሯል። «እንጨቱ በዚህ ነው የሄደ። እኔ፣ ወንድሜ፣ ጎረቤት። ሁሉም። የእኔ ሚስት ጭቃ ረገጠች።»

«ፊታውራሪውስ?»

«መጡ። በበቅሎ መጡ። ሪባን ቆረጡ። እንጨት አልቆረጡም።»

መምህር ሰሎሞን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባቴ፣ ይህ ከነስምዎ ሊጻፍ ነው። ፊታውራሪው ቢሰሙስ?» አላቸው።

«መሬት የእሳቸው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ትከሻ የእኔ ነው። ጻፍ ልጄ።»

መምህር ሰሎሞን ጻፈ። ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑን ከሦስተኛው ገጽ ግርጌ በገዛ እጁ ጻፈው። ሽማግሌው መፈረም ስለማይችሉ ከዋናው ቢሮ የማኅተም ቀለም መጣ። አውራ ጣታቸውን ነክረው ከስማቸው አጠገብ ጫኑት፣ ከዚያ ጣታቸውን በጋቢያቸው ሳይሆን በዱላቸው ጠረጉ። አየለች «ኤ» አገኘች። በዚያ ክረምት የተሰጠው «ኤ» እሱ ብቻ ነበር።

አሁን የማልወደውን መናገር አለብኝ። ያን ቀን ማታ እራት ላይ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። እየተኩራራሁ ነበር የነገርኩት፤ የሽማግሌውን አነጋገር እየቀዳሁ አሳቅኩት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ቢሮ ሄዶ እንደ ጨዋታ አወራው፤ ወሬውም እግር አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ለመምህር ሰሎሞን ደብዳቤ ደረሰው። ያ ገጽ ተቀዶ በመጽሔቱ ቃል እንዲተካ፣ እምቢ ካለች ውጤቷ እንዲሰረዝ ይላል።

ደብዳቤውን ክፍል ውስጥ አነበበልን። አየለች ነጠላዋን አጥፋ ዘረጋች።

«ማን አለ?» አለች።

«ምን?»

«ደብዳቤውን። ግርጌው ላይ ስም አለበት?»

መምህር ሰሎሞን ወረቀቱን አገላበጠው። «የጽሕፈት ቤቱ ማኅተም ብቻ ነው» አለ።

«ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር አልቀበልም» አለች አየለች፣ እስክሪብቶዋንም ከደነች።

መምህር ሰሎሞን ገጹን አልቀደደም። «ኤ»ውንም አልፋቀም፤ ወረቀቱን እንዳለ መለሰላት። ውጤቱ ተለጥፎ ስናይ ግን በአየለች ስም ላይ ሌላ እጅ በቀይ ቀለም መስመር አስምሮበታል። ወደቀች። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤቷም ሌላ መምህር ተላከበት። እኔ አለፍኩ። በመጽሔቱ ቃል አለፍኩ፤ ግርጌው ላይ ገጹን ስለጠቀስኩ። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ለአባቴ የነገርኩት እኔ መሆኔን ሳልነግራት መለየት አልቻልኩም። ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ አስቁሜ ነገርኳት። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፤ ብትሰድበኝም ይቀለኝ ነበር። «ያየኸውን ነው የተናገርከው» አለችኝ። «እውነት ከሆነ ምን ያሳፍራል? ቀልድ ማድረግህ ግን ደስ አላለኝም።» ይህን ብላኝ በጭቃው መንገድ ሄደች።

የተላከው መምህር የአንጋጫን ጭቃ አይቶ በጥቅምት ተመለሰ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ፊታውራሪው ለትምህርት ቤቱ መምህር ሊሆኑለት አይችሉም፤ በኅዳር አየለችን መልሰው ጠሯት። አሁንም ጊዜያዊ ናት፣ ኮምፖዚሽንም ይቀራታል። በዚያው ሰሞን ሽማግሌው የሚያርሱት መሬት ተነጥቆ ለሌላ መሰጠቱን ሰማሁ። ልጃቸው ዘንድ፣ አየለች ቤት ገቡ። ይህን ስሰማ «አሁንስ አበቃላት» አልኩ። እንደገና ለመግባት አንድ አማራጭ ብቻ አላት መሰለኝ፤ አንገቷን ደፍታ መጽሔቱን መገልበጥ።

በሚቀጥለው ክረምት መጣች። እኔም የሁለተኛውን ዓመት ትምህርት ጠዋት ጠዋት እየተማርኩ ከሰዓት በኋላ እሷ አጠገብ ገብቼ እቀመጥ ነበር፤ መምህር ሰሎሞንም ዝም አለኝ። ሁሉም አዲስ ተማሪዎች ነበሩ። ስለ ባለፈው ዓመት አንድ ቃል አላወራችም። ምን እየጻፈች እንደሆነ ስጠይቃትም «ታየዋለህ» ትለኛለች።

የማስረከቢያው ቀን ሁሉም እየተነሣ ቀጫጭን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አየለች መጨረሻ ተነሣች። ያኖረችው በቃጫ የታሰረ ወፍራም ጥቅል ነበር። መምህር ሰሎሞን ቃጫውን ፈታ። እኔም አላስቻለኝምና ተነሥቼ ከትከሻው በላይ አየሁ።

ያው ርዕስ፣ ያው አሥር ገጽ። አንድ ቃል አልተለወጠም። ሦስተኛው ገጽ ግርጌ ላይ የሽማግሌው አውራ ጣት እንዳለ አለ። ከአሥረኛው ገጽ በኋላ ግን ሌላ ወረቀት አለ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ። በያንዳንዱ ላይ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። እንጨቱን የተሸከሙት ናቸው። ጭቃውን የረገጡት ሴቶችም አሉበት። ከየአሻራው ጎን ስም ተጽፏል፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ መስመሩ የጎበጠ፣ አንዳንዱ ተሰርዞ የተደገመ ነው። የአየለች የእጅ ጽሑፍ አይደለም።

«ስሞቹን ማን ጻፋቸው?» አለ መምህር ሰሎሞን።

«ተማሪዎቼ» አለች። «የአባትና የእናታቸውን ስም ነው። እነሱ መጥራት ይችላሉ።»

መምህር ሰሎሞን እስከ መጨረሻው ገለጠው። ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ድምፁን የመምህር ድምፅ ለማድረግ እየሞከረ፣ «ወይዘሮ አየለች፣ እኔ ያልኩት እኮ አሥር ገጽ ነው» አላት።

«የእኔ አሥር ነው» አለች። «የቀረው የግርጌ ማስታወሻ ነው።»

ወረቀቱን ቤቱ ይዞት አልሄደም። እዚያው ቆሞ፣ ሁላችንም እያየን «ኤ» ጻፈበት። በሌሎቹ ወረቀት ላይ የሚያኖረው አጭር ፊርማውን ነበር። በዚያኛው ላይ ግን ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በግልጽ ፊደል ጻፈው።